የታመመ ለመጠየቅ ወደ ሆስፒታል ለምትሄዱ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከቅዳሴ በኋላ ነጠላችሁን እንዳጣፋችሁ፣ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ይዛችሁ የታመመ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሳይ ደስ ይለኛል። ሐሳቡ ክቡር ነው። አፈጻጸሙ ግን ብዙ ጊዜ በሽተኛውን ያደክመዋል፣ አንዳንዴም ይጎዳዋል። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ስለ ምስጋና፣ ስለ ኃላፊነትና ስለ አገልግሎት ልነግራችሁ የምፈልገውን ሁሉ በዚህ በአንዱ ሥራ ላይ አድርጌ እጽፍላችኋለሁ።

ከምስጋናው ልጀምር። በቅዳሴ የሚጸለየውን የምስጋና ጸሎት፣ ጸሎተ አኮቴትን፣ ልብ ብላችሁ አድምጡት። ምስጋናው በጥቅሉ አይቀርብም፤ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና እየተባለ የተደረገልን አንድ በአንድ ይቆጠራል። እናንተም ማታ ስትጸልዩ እንዲሁ ቁጠሩ። በዕለቱ ያገለገሏችሁን ሦስት ሰዎች በስማቸው ጥሩ፤ ስማቸውን የማታውቁት ካለ በማግስቱ ጠይቁ። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙን የማያመሰግን የለም። ወለሉን የምትወለውለውን፣ የሽንት ዕቃውን የምትደፋውን፣ በሽተኛውን በስትሬቸር ከራጅ ክፍል የሚመልሰውን ግን ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ለእነርሱ የምትሉት "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" የአገልግሎታችሁ መጀመሪያ ይሁን።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከነጹት ከአሥሩ ለምጻሞች ዘጠኙ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ብቻ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሳምራዊው ግን ተመለሰ። ለእኔ የበሽተኛ ጥየቃም የሚመዘነው በዚሁ ነው። ሃያ ሆናችሁ አንድ ቀን ከምትመጡ፣ ሦስት ሆናችሁ አራት ሳምንት ብትመላለሱ ይሻላል። ሃያ ሰው አልጋ ሲከብ በሽተኛው ለሁሉም ፈገግ ለማለት ይደክማል፤ ነርሷም መርፌ የምትሰጥበት ቦታ ታጣለች። ደግሞም ሃያ ሰው የመጣበት ቀን አልፎ በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ካልመጣ፣ ብቸኝነቱ ከበፊቱ ይከፋል።

ከመሄዳችሁ በፊት የክፍሉን ነርስ አግኙ። የመጠየቂያ ሰዓቱን፣ ጠያቂ የሌለው ማን እንደሆነ፣ ማን ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ጠይቁ። ከክፍለ ሀገር በሪፈር መጥቶ ዘመድ የሌለው ሁልጊዜም አይጠፋም። አማርኛ የማይሰማ ከሆነ ኦሮምኛ ወይም የእርሱን ቋንቋ የሚናገር ከመካከላችሁ ይምጣ፤ ይህ ከሙዙ ይበልጣል። ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ያን ቀን ይቅር። ሳይመጣ የቀረው ስለ ፍቅር ብሎ ነውና አትውቀሱት። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሻገሩ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ወይም አልኮል እስኪደርቅ ድረስ ተሻሹ። አልጋው ላይ አትቀመጡ፤ ጉሉኮሱንና የሽንት ቱቦውን ትስባላችሁ።

ጥየቃው ከ15 ደቂቃ አይብለጥ። ሁለት ሰው ይግባ፣ ሌሎቹ ውጭ ይጠብቁ። "ሐኪሙ ምን አለህ?" ብላችሁ አታስጨንቁት፤ እርሱ ካነሳው ስሙት። በዚያው በሽታ የሞተ ሰው ታሪክ አታንሱ። ከሁሉም የከፋው "ምን በድለህ ይሆን?" የሚለው ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው "ማን ኃጢአት ሠራ?" ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን የሰጠውን መልስ በዮሐንስ ምዕራፍ 9 ታገኙታላችሁ። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ሠርተው ነበር፤ የጎዱት አፋቸውን ከፍተው ሊፈርዱበት ሲጀምሩ ነው። ጸሎትና መዝሙርም በበሽተኛው ፈቃድ፣ በለሆሳስ ይሁን። አጠገቡ ያለው ሙስሊም ሊሆን ይችላል፣ አሁን ገና እንቅልፍ የወሰደውም ሊሆን ይችላል። ስትወጡ እርሱንም "እግዜር ይማርህ" በሉት።

ስለ ምግቡ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ጉዳቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። ነርሷን ሳትጠይቁ ለማንም አንዳች አታጉርሱ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በሙዝና በብርቱካን ውስጥ የሚገኘውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን በሽንት ማስወጣት ያቅተዋል፤ በደሙ ሲከማች የልቡን ምት ያዛባል፣ ልብ እስከ ማቆምም ይደርሳል። ስኳር ላለበት ሰው ለስላሳ መጠጥ፣ ጁስና ማር የደም ስኳሩን በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይወስዱበታል። ስትሮክ የመታው ሰው ደግሞ መዋጥ ሊሳነው ይችላል፤ በማንኪያ የሰጣችሁት ውኃ ወይም አጥሚት ወደ ሳንባው ወርዶ የሳንባ ምች ያመጣበታል። ለኦፕራሲዮን የሚዘጋጅ ሰው ኦፕራሲዮኑ ሊጀመር ቢያንስ 6 ሰዓት ሲቀረው ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ደግሞ ንጹሕ ውኃም ያቆማል። ምክንያቱ በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ የሆዱ ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ነው። በአንዲት ጉርሻ ብዙ ቀን የተጠበቀ ኦፕራሲዮን ይሰረዛል።

ታዲያ ምን ይዘን እንሂድ ካላችሁ፦ የገላና የልብስ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ፎጣ፣ የሞባይል ካርድ፣ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው የአዋቂ ዳይፐር፣ ለሚወጣ ሰው የትራንስፖርት ገንዘብ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጥም አለ። አስታማሚዋን እዩአት። ወለል ላይ ካርቶን አንጥፋ የምታድር፣ ቀን ለመድኃኒትና ለላቦራቶሪ የምትሯሯጥ፣ ራሷ ምን እንደበላች ማንም የማይጠይቃት እርሷ ናት። ከእናንተ ሁለቱ ለሦስት ሰዓት ቢተኳት፣ ገላዋን ታጥባ፣ እህል ቀምሳ፣ ትንሽ ሸለብ አድርጓት ትመለሳለች። ያኔ በሽተኛው መገላበጥ የማይችል ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መቀየር የእናንተ ሥራ ነው። በአንድ ጎን የቆየ ሰው መቀመጫውና ተረከዙ ይቆስላል፤ ያ ቁስል ለመዳን ወራት ይፈጃል። አያያዙን መጀመሪያ ነርሷ ታሳያችሁ፤ በእጅ ጎትታችሁ አታንሱት፣ ትከሻው ይወልቃል።

ጸበልና እምነት ይዛችሁ እንደምትሄዱ አውቃለሁ፣ መልካም ነው። ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። በኦክስጅን አጠገብ ጧፍም ዕጣንም አይለኮስ፤ ኦክስጅን ያለበት ልብስና አንሶላ በአንዲት ፍንጣሪ ይንቦገቦጋል። እምነቱን በግንባሩ ቀቡት እንጂ የተከፈተ ቁስል ላይ ወይም በፋሻ ሥር አታድርጉ። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው በቀን የሚጠጣው ውኃ ተለክቶ ይሆናልና ጸበሉን ጥቂት አቅምሱት፣ በሊትር አታጠጡት።

ለጸበል ብሎ መድኃኒት ማቆም የእምነት ጽናት የሚመስላቸው አሉ። የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለት ዓይነት። ሰው ግን በሁለተኛው ወር ሳሉ ቆሞ ሰውነቱ ሲመለስ "ድኛለሁ" ብሎ ይተዋል። ያኔ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተላምዶ ይነሳል፤ ቀጣዩ ሕክምና ረጅምና ከባድ ይሆናል። የጾምም ነገር እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ጹም ብላ አታስገድድም፤ የስኳር ሕመምተኛ በዐቢይ ጾም ከመወሰኑ በፊት የንስሐ አባቱንም ሐኪሙንም ያማክር። የእናንተ ድርሻ ማበረታታት ነው፤ ስለ ኪኒኑ መወሰን አይደለም።

አሁን ስለ ገንዘብ። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ሲልክ ብቻውን ለአንድ ሰው አላስረከበም፤ ከቲቶ ጋር ሌሎች የተመሰከረላቸውን ላከ፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። እናንተም የሰበሰባችሁትን ሦስት ሆናችሁ ቁጠሩ፣ በዚያው ሰዓት ጽፋችሁ ፈርሙ፣ በማግስቱ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ አስገቡ። ወጪው በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን። መድኃኒት ስትገዙ ራሳችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ ክፈሉ፣ ደረሰኙን ያዙ። ኮሪደር ላይ "ቶሎ አስጨርስላችኋለሁ" ለሚል ሰው አንድ ብር አትስጡ። በጥርጣሬ የሚፈርሱ ማኅበራት ብዙ ጊዜ ሌባ ስለነበረባቸው አይደለም፤ ሁሉም ስለተማመነ ማንም ባለመጻፉ ነው። ከዓመት በኋላ 3 ሺህ ብር ሲጎድል የት እንደገባ የሚያሳይ ወረቀት የለም፤ ንጹሑ ልጅም ስሙ ይነሳል።

አንድ ደብተርም ይኑራችሁ፦ ቀን፣ ክፍልና የአልጋ ቁጥር፣ የሚያስፈልገው፣ ቃል የገባው ሰው፣ እስከ መቼ፣ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም። የበሽታው ስም አይጻፍበት። ፎቶም አታንሱ፤ ታማሚው ፈቀደም ብትሉኝ፣ እጁን ለእርዳታ የዘረጋ ሰው "አይሆንም" ለማለት አቅም የለውም። "እሁድ እንመጣለን" ያላችሁትን ደግሞ ጠብቁ። አልጋ ላይ ያለ ሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በሩን ያያል። የማትችሉ ከሆነ ቃል አትግቡ፤ ከገባችሁና ካልሆነላችሁ ደውሉ።

ከሆስፒታል የወጣውንም አትርሱት። የቀጠሮውን ቀን ጻፉና ከሁለት ቀን በፊት ደውሉ። ለትራንስፖርት የሚጎድለውን ሸፍኑ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ቤት ፍሪጅ ከሌለ፣ ብልቃጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት የሸክላ ዕቃ ውስጥ በጥላ ሥር እንዲቀመጥ አሳዩት።

አገልግሎት የሚበዛባችሁ ልጆች፣ እናንተን በተለይ ልምከር። እናታችሁ የደም ግፊት ኪኒኗን ዛሬ መዋጧን ሳታውቁ የሰው እናት ለመጠየቅ አትሩጡ። ለቤተ ሰቡ ስለማያስብ ሰው ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ የጻፈው ጠንከር ያለ ነው። ትምህርታችሁም እንዲሁ አደራ ነው፤ ፈተና እየወደቃችሁ አገልግሎት በዝቶብን ነው አትበሉ። በአራት ምድብ ተከፈሉና ለእያንዳንዱ በወር አንድ እሁድ ይድረሰው። ሰው የሞተበት ልጅ በጸና ታሞ ወደተኛ ሰው አይመደብ፤ ለጊዜው ደብተሩን ይያዝ።

መመላለስ ማለት ምን እንደሆነ ደም መስጠት ደኅና አድርጎ ያስተምራል። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆናችሁ በየሦስት ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ያህል ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ። ስለዚህ በአንድ በዓል ሁላችሁም ተሰልፋችሁ ሰጥታችሁ ዓመቱን ሙሉ ብትጠፉ፣ በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት በሌላው ወር ፍሪጁ ባዶ ይሆንባታል። ማኅበራችሁን በሦስት ከፍላችሁ በየወሩ አንዱ ምድብ ይሂድ። ባዶ ሆድ ደም አይሰጥም፤ በጾም ወቅት ከሆነ ቅዳሴ ወጥታችሁ፣ በልታችሁና ውኃ ጠጥታችሁ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ከሰጣችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ዐረፍ በሉ፣ ያን ቀን ከባድ ዕቃ አታንሱ፣ ቀጣዩን ቀንም እዚያው ደብተር ላይ ጻፉ።