ወድቀሽ ጭራ አጥንትሽን ላመመሽ እህት

እህቴ፣ «ደረጃ ላይ ወድቄ መቀመጥ አቃተኝ፣ ኤክስሬይ ልነሳ ወይስ ወጌሻ ጋ ልሂድ?» ያልሽው የእኔው ታሪክ ነው። እኔም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውሃ በጀሪካን ይዤ ስወጣ አዳልጦኝ ነው። ሥራዬ ደግሞ ልብስ ስፌት ነው፣ ውዬ የማመሸው ማሽን ላይ ተቀምጬ ነው።

1. የሚያምሽን ቦታ በእጁ ሳይነካ መድኃኒት የሚያዝልሽን ሰው እሺ እንዳትዪ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄጄ «ወድቄ መቀመጫዬን ተመታሁ» እያልኩት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ሽንት አዘዘ። «ኩላሊት ነው» ተብዬ አንቲባዮቲክ ተሸክሜ ወጣሁ። የኩላሊት ሕመም እኮ ጎንና ወገብ ላይ ነው! ቆሜ ስጠብቅ ደግሞ ካርድ ክፍሏ «ተቀመጪ፣ መንገድ አትዝጊ» ብላ ሰው ፊት ጮኸችብኝ። መቀመጥ ብችል ምን አመጣኝ? የካርዱም የላብራቶሪውም ገንዘብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኋላ የመንግሥት ሆስፒታል ያየችኝ ፊዚዮቴራፒስት ግን የአጥንቱን ጫፍ በጣቷ ጫን ስታደርገው ዘልዬ ተነሳሁ። «በቃ፣ እሱ ነው» አለች። ስንቀመጥም፣ በተለይ ከመቀመጫ ስንነሳ የሚብሰው ለዚህ ነው። ጭራ አጥንት የሚባሉት የአከርካሪ መጨረሻ ላይ ያሉ ከ3 እስከ 5 ትንንሽ አጥንቶች ናቸው፤ ወደ ኋላ ደገፍ ስትዪ ክብደትሽ እነሱ ላይ ያርፋል። ቢሰነጠቅም ጀሶ አይታሰርም፤ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያለ ኦፕሬሽን ይሻለዋል። ስለዚህ ኤክስሬዩ ሕክምናውን ብዙ ላይቀይረው ይችላል፤ ካልተሻለሽ ግን ቆመሽም ተቀምጠሽም ኤክስሬይ ትነሺና ሁለቱ ይነጻጸራሉ።

2. ስፖንጅ! ፍራሽ ቤት ቁራጭ ጠይቂ፤ ጠንከር ያለውን ምረጪ፣ ለስላሳው ወዲያው ይሰጥማል። ከኋላ ጠርዙ መሐል ላይ መዳፍ የሚያስገባ ያህል ቆርጠሽ አውጪ፣ አጥንቱ ምንም ሳይነካው እንዲቀር። መሐሉ የተበሳው ክቡ ትራስ ለእኔ አልሆነኝም፣ ከኋላ ያለው ጠርዝ እዚያው ይጫናል። የእኔን በተረፈ ጨርቅ ሸፍኜ ዚፕ ገጠምኩለት፤ አሁን ለጎረቤት አራስ ሳይቀር ሰፍቼ ሰጥቻለሁ (በወሊድ ጊዜም ይጎዳል፣ ሴቶች ላይ የሚበዛውም አንዱ ለዚህ ነው)። ታክሲ ውስጥም ይዤው እገባለሁ። የኋላ ወንበር እንዳትቀመጪ፣ ጉብታው ይገድልሻል፤ ወደ ፊት ዘንበል በይ፣ ቤት ውስጥም ቶሎ ቶሎ ተነሺ።

3. ወጌሻውን ተዪው። እናቴ «ታሽተሽ ተነሺ» ብላ ብትለምነኝም እምቢ አልኩ፤ ትኩስ ጉዳት ላይ በኃይል መጫን ያብሰዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢበት፣ ከዚያ ሙቅ ውሃ። አይቡፕሮፌን ይረዳል፣ ጨጓራ ካለብሽ ግን ሐኪም ሳትጠይቂ አትውሰጂ። ሆድሽም እንዳይደርቅ፤ ተልባ፣ ፓፓያ፣ ብዙ ውሃ። ማማጥ ስቃዩን እጥፍ ያደርገዋል።

ሽንት ወይም ሰገራ ካመለጠሽ ወይም ሽንት እምቢ ካለሽ፣ ጭንሽ መሐል ከደነዘዘሽ ግን ነገ አትበይ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ትኩሳት ካለሽ ወይም ቦታው አብጦ መግል ከያዘም ሐኪም ይየው። የስፖንጁን ልክ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ፎቶውን እልክልሻለሁ።