የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ፓወር ባንክና ላፕቶፕ ይዞ መብረር

ጥያቄ፦ በመጪው ወር ከጎንደር ተነሥቼ በቦሌ በኩል ልጄ ወደምትኖርበት ወደ ዋሽንግተን እሄዳለሁ። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋብን የማልለያቸውን ሁለት ፓወር ባንኮች፣ የቤተሰቤ ፎቶ ሁሉ ያለበትን ላፕቶፕና እዚያ ለማሠራት ያሰብኩትን የማይበራ አሮጌ ስልክ እይዛለሁ። አንዳንድ ጎረቤቶቼ «ሁሉንም በትልቁ ሻንጣ ክተቺው፤ ፍተሻ ላይ አያስቸግርሽም» ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ ኤክስሬዩ ፎቶውን ያጠፋዋል ብለው ያስፈሩኛል። የቱን ልስማ?
ጡረተኛ መምህርት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ የመጀመሪያውን ምክር እንዳይሰሙ ነው። ፓወር ባንክ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ይህም አንድ አየር መንገድ ለብቻው ያወጣው ሳይሆን በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የተደነገገ ነው። በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ወይም ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ ራሱን በራሱ ማጋል ይጀምራል፤ አንዱ ክፍል ቀጥሎ ያለውን እያጋለ ጭስና ነበልባል ያስነሣል። ይህ በመንገደኞች መካከል ቢደርስ አስተናጋጆቹ ወዲያው አይተው እሳቱን ያጠፉና ባትሪውን በብዙ ውኃ ያቀዘቅዙታል። በጭነት ክፍል ግን የሚያየው ሰው የለም፤ በዚያ የሚረጨው የእሳት ማጥፊያ ጋዝም ነበልባሉን ቢያፍን እንኳ የባትሪውን ግለት አያበርድም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሊቲየም አዮን ባትሪ ለብቻው በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ የታገደውም በዚሁ ስጋት ነው።

የፓወር ባንኩን የኃይል መጠን ከጀርባው ያንብቡ፤ የሚለካውም በዋት ሰዓት ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 የሚበልጥ አይሳፈርም። ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ከተጻፈበት በ3.7 ቮልት አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉት፦ 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ 30,000 የሚለው ግን 111 ስለሚደርስ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ጽሑፉ ከተፋቀ ፈታሹ ማረጋገጫ ስለሌለው ሊያስቀርብዎ ይችላል። በብዛቱና በበረራ ላይ አጠቃቀሙ አየር መንገዶች ደንባቸውን እያጠበቁ ስለሆነ ትኬት ሲቆርጡ ይህንንም ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። በአገር ውስጥ መስመር የሚበሩት ዳሽ 8 አውሮፕላኖች የላይኛው የዕቃ ማስቀመጫቸው ጠባብ በመሆኑ፣ በአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻውን ያለፈ የእጅ ሻንጣ እንኳ በመወጣጫው ሥር ተወስዶ ጭነት ክፍል ሊገባ ይችላል። መንገደኛው በጥድፊያ ሲያስረክብ ፓወር ባንኩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱንም ከገመዳቸው ለይተው፣ እያንዳንዱን በየራሱ የፕላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ በትከሻዎ በሚይዙት ትንሽ ቦርሳ ያኑሯቸው፤ ቁልፍና ሳንቲም ግን አብረው አይሁኑ።

ኤክስሬዩ በላፕቶፕ ላይ ያለ ፎቶ አያጠፋም፤ ሊጎዳ የሚችለው ያልታጠበ የካሜራ ፊልምን ነው። ላፕቶፑን ከቦርሳ አውጡ የሚባለው ባትሪውና ብረታ ብረቱ ሥሩ ያለውን ዕቃ ስለሚጋርዱ ነው። ለፎቶዎቹ ይልቅ የሚያሰጋኝ ላፕቶፑ በትሪው ላይ ተረስቶ መቅረቱ ነውና፣ ከመነሣትዎ በፊት ቅጂውን በፍላሽ አድርገው ለሚቀር ዘመድ ይስጡ።

አሮጌውን ስልክ ባይወስዱት እመርጣለሁ። ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ላይ ፈታሾች ዕቃውን አብሩት ሊሉ እንደሚችሉ የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. አስታውቋል፤ የማይበራው ሊከለከል ይችላል። በዚያ ላይ ስልኩን በመስታወቱ በኩል በጠረጴዛ ላይ ደፍተው ይመልከቱት፤ ከተንገዳገደ ወይም ጀርባው ከጠርዙ ከተላቀቀ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ ያበጠ ባትሪ ደግሞ በእጅም በጭነትም አይፈቀድም። እዚያው ጎንደር ባትሪውን ያስቀይሩት፤ ላፕቶፑንና የሚጠቀሙበትን ስልክም መብራት ባለበት ሰዓት፣ የበረራውን ዋዜማ ሳይጠብቁ፣ ቻርጅ ያድርጓቸው።