መልስ፦ የቡና ቅጠል ዲኤንኤ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ

ፒሲአሩ (ዲኤንኤውን የማባዛቱ ሥራ) ባንድ (ጄል ላይ የሚታይ የዲኤንኤ መስመር) ስላልሰጠህ ፕራይመሩን (የሚባዛውን ቦታ የሚለየውን አጭር ዲኤንኤ) ልቀይር ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አትቀይር፤ ችግሩ እሱ አይደለም። ከጅማዎቹ ጎማና ጌራ ወረዳዎች ካመጣኸው የቡና ቅጠል ያወጣኸው ዲኤንኤ ቡናማ የሆነው፣ ፒሲአሩም ባንድ አልሰጥ ያለህ በፖሊፌኖል (ቅጠሉ ውስጥ ባለ የተፈጥሮ ውህድ) ምክንያት ነው። ቅጠሉ ሲፈጭ ፖሊፌኖሉ አየር ያገኘውና ይጠቁራል። ከዲኤንኤው ጋር ይጣበቃል፣ ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይምም ሥራ ያስፈታዋል።

መጀመሪያ ያለህን ዲኤንኤ 1 ለ10 እና 1 ለ50 አቅጥነህ ሞክር። አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይበቃል። እምቢ ካለህ እንደገና አውጣ፦

1. ለጋ ቅጠል ውሰድ፤ ያረጀውን ተወው።
2. እዚያው ማሳው ላይ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ውስጥ ክተተው። የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ወረቀት ፖስታ ውስጥ የከረመ ቅጠል ላብራቶሪ ሳይደርስ ይሻግታል።
3. ሲታብ ቡፈሩ (ዲኤንኤ ማውጫው ፈሳሽ) ላይ 2 በመቶ ፒቪፒ (ፖሊፌኖሉን የሚይዝ ዱቄት) ጨምር። መርካፕቶኢታኖሉን (መጥቆሩን የሚከላከለውን) ግን ቡፈሩን ልትጠቀም ስትል ብቻ ጨምር (ሽታው ለጉድ ነው)።
4. የላይኛው ፈሳሽ እስኪጠራ በክሎሮፎርም ማጥራቱን ድገም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በኤስኤስአር (በሚደጋገሙ አጫጭር የዲኤንኤ ክፍሎች ዛፎችን በመለየት ዘዴ) ስትሠራ ከአንድ ዛፍ ሁለት ባንድ ካየህ ቸኩለህ «ሄትሮዚገስ» (የአንድ ዘረመል ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ያሉት) ብለህ እንዳትመዘግብ። አረቢካ ካኔፎራና ዩጂኒዮይዲስ ከሚባሉ ሁለት የቡና ዝርያዎች ተዳቅሎ የተገኘ፣ 44 ክሮሞዞም ያለው ቡና ነው። አንዱ ባንድ ከአንዱ ወላጅ፣ ሌላው ከሌላው የመጣ ሊሆን ይችላል። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው፤ ናሙናው ሁሉ ሄትሮዚገስ ከሆነብህ ጠርጥር። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚህ ላይ ሲሰናከል አይቻለሁ። እኔ ብሆን እያንዳንዱን ባንድ «አለ» ወይም «የለም» ብዬ 1 እና 0 እሞላለሁ።