ቆስጣውን በኮምጣጤ ማጠብ ካድሚየሙን አያስወግደውም

አቃቂ አካባቢ በወንዙ ውኃ ያበቀልሽው ቆስጣ በኮምጣጤ ታጥቦ ቢቀቀል ከከባድ ብረታት ይጸዳል ወይ ላልሽው፣ አይጸዳም። እጥበት ቅጠሉ ላይ ያረፈውን አቧራና ጭቃ ያስለቅቃል፤ እሱም ቢሆን ትንሽ ጥቅም አይደለም። ሥሩ የመጠጠው ካድሚየም የተባለው መርዛማ ከባድ ብረት ግን ቅጠሉ ውስጥ ነው። እሳት ጀርም ይገድላል እንጂ ብረት አያጠፋም።

ጓሮሽን ሳትተዪ እንዲህ አድርጊ፦

1. ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት እዚያ አፈር ላይ ይቅሩ። ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ዱባ ትከዪ፤ ፍሬው ጋ የሚደርሰው ብረት አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው።

2. የወንዙን ውኃ አቁሚ። ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክሮሚየም የተባለ ብረት ሳይቀር ይገባበታል። ውኃ መቀየር ብቻውን ግን አይበቃም፤ አፈሩ ውስጥ የገባው ብረት አይበሰብስም፣ ለዓመታት እዚያው ይቀመጣል።

3. ቆስጣ የግድ ካልሽ፣ ከሌላ ሰፈር ባመጣሽው ንጹሕ አፈር ሣጥን ወይም ጆንያ ሞልተሽ ትከዪ። የኬሚካል በርሜል ቆርጠሽ እንዳትጠቀሚ ብቻ!

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ ስለ ሳህኑ ሲጨነቅ መሬቱን ይረሳል። ድክ ድክ የሚል ልጅ ካለሽ አፈር የነካ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ሊኖር የሚችለው እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት ደግሞ በትንሽ መጠንም የልጅ አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ባዶውን መሬት በሣር ሸፍኚው፣ የጓሮ ጫማሽን ውጭ አውልቂ፣ ልጁንም ከምግብ በፊት እጁን በሳሙና አስታጥቢው።