«ዘይት እቀባለሁ፣ ፀጉሬ ግን አሁንም ደረቅ ነው»

ጥያቄ፦ ፀጉሬ ከርዳዳ ነው። ኬሚካል ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት ማታ ዘይት እቀባለሁ፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ እጄንም ትራሴንም ይቀባል፣ ሳበጥረው ግን ቀጭ ቀጭ እያለ ይሰበራል። የኮኮናት ሞከርኩ፣ የወይራ ሞከርኩ፣ የጉሎም ሞከርኩ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘይት መቀያየሩን ለጊዜው ተይውና ውሃውን እናስቀድም። ፀጉርን የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። ዘይት ውስጥ ደግሞ ውሃ የለም። የዘይት ሥራ የገባው ውሃ ቶሎ እንዳይተን ማዘግየትና ፀጉር ከፀጉር ሲፋተግ እንዳይጎዳዳ ማንሸራተት ነው። ደረቅ ፀጉር ላይ ስትደርቢው ድርቀቱን ሸፈንሽው እንጂ አልፈታሽውም። ለዚህ ነው ላዩ እያብረቀረቀ ውስጡ የሚሰበርብሽ።

የራስ ቆዳችን የራሱን ቅባት ያመነጫል። ሉጫ ፀጉር ላይ ያ ቅባት ከሥር እስከ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል፤ የኛ ግን እየተጠማዘዘ ስለሚያድግ ቅባቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ጫፍ ጫፉ ከሥሩ ይልቅ የሚደርቀውም ለዚህ ነው፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ መታጠፊያ ፀጉሩ የሚደክምበት ቦታ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ታጥበሽ ስትጨርሺ በፎጣ አትሺው፣ ጨመቅ ጨመቅ ብቻ። ገና እርጥብ እያለ አራት ቦታ ክፈይው። ሳይታጠብ የሚተወውን ኮንዲሽነር ቀቢ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ። ለአንድ ክፍል ያ ይበቃል። እጅሽ ላይ ዘይት ከተረፈ አብዝተሻል። በሳምንቱ መሀል ሲደርቅብሽ ውሃ ርጪበት፣ ዘይቱን አትደጋግሚ።

የቱ ይሻላል ላልሽው፣ የኮኮናት ዘይት ለብቻው የሚታይ ነው። በውስጡ ያለው ላውሪክ አሲድ ትንሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሱፍ ዘይትና ከማዕድን ዘይት ጋር አወዳድሮት፣ ፀጉር ሲታጠብ የሚያጣውን ፕሮቲን የቀነሰው እሱ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ከመታጠብሽ በፊት ተቀቢውና ትንሽ አቆይተሽ ታጠቢ። ፀጉርሽን እንደ እንጨት ካደረቀብሽ ግን ተይው፣ የማይስማማው ሰው አለ። ጆጆባ ደግሞ ዘይት ይባል እንጂ ፈሳሽ ሰም ነው፤ ቀለል ስለሚል ለቀጭን ፀጉር ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ግንባሬ ዳርና ጆሮዬ አካባቢ ፀጉሬ እየሳሳ ነው። ለስድስት ወር በየማታው የጉሎ ዘይት አሸሁት፤ ምንም የለም። ሹሩባ በየሁለት ሳምንቱ እሠራለሁ።

መልስ፦ የደብዳቤሽን መጨረሻ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። የኔ እህት፣ ችግሩ ያለው ሹሩባው ላይ ነው ብዬ እፈራለሁ። ተሠርተሽ ስትነሺ ግንባርሽ ተወጥሮ፣ ቅንድብሽ ወደ ላይ ተስቦ፣ ከፀጉርሽ ሥር ነጫጭ ብጉር ወጥቶ ያውቃል? ያ ማለት ሥሩ እየተነቀለ ነው። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም። ሲያምሽ «ይለምዳል» የሚሉሽን አትስሚ። ሠሪዋን አላልተሽ ሥሪልኝ በያት፣ ወይም ዳር ዳሩን ትተውልሽ። ለጥቂት ወራት ብታሳርፊው ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።

የጉሎ ዘይት ፀጉር ያበቅላል የሚለው ወሬ ብዙ ነው፣ የሚያሳምን ማስረጃ ግን የለውም። ወፍራም ስለሆነ ጫፍ ላይ ጥሩ መከላከያ ነው፣ በቃ። እኔም ድሮ እንደ መድኃኒት ስለቀልቀው ኖሬአለሁ፤ ያተረፍኩት ግንባሬ ላይ ብጉር ነበር። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ የኛ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ያንሳል። አላድግ አለ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ያደገው ያህል ጫፉ ላይ እየተሰበረ ነው። የሳሳው ቦታ ከሰፋ ወይም ልሙጥ ሆኖ ካበራ ሳትውይ ሳታድሪ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ ፀጉሬን አሳድጌአለሁ። ፎረፎር አለብኝ፣ ዘይት ስቀባ ለአንድ ቀን ይጠፋና ብሶበት ይመጣል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልጠፋም፤ ቅርፊቱ በዘይት ርሶ ስለተለጠፈ ነው የማይታይህ። ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ነው፣ የሚመገበውም ቅባት ነው። ስለዚህ ቆዳህን ዘይት አታስነካው፣ ከፈለግህ ጫፉን ብቻ ቀባ። ኬቶኮናዞል የሚባል ፈንገስ የሚያጠፋ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ግዛ፤ ቆዳው ላይ አምስት ደቂቃ አቆይተህ ታጠበው፣ ፀጉሩን ግን ስለሚያደርቅ ወዲያው ኮንዲሽነር አስከትል።

ጥያቄ፦ የሮዝመሪ ዘይት ከጠርሙሱ በቀጥታ ራሴ ላይ ጠብ አደረግሁ፤ ያቃጥለኛል። እየሠራ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ቆዳሽ እየተቆጣ ነው። በሻምፖ አጥበሽ አስለቅቂው። እንዲህ ያለ ከተክል የሚወጣ በጣም ጠንካራ ዘይት (ኢሴንሺያል ኦይል) ብቻውን አይቀባም፤ 30 ሚሊ ሊትር የጆጆባ ወይም ሌላ ለስላሳ ዘይት ውስጥ አሥር ጠብታ ገደማ ብቻ ይገባል። ተቀላቅሎም ቢሆን መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪው፣ አንድ ቀን ጠብቂ። መቅላት ወይም ማሳከክ ካመጣ ራስሽ ላይ እንዳታደርሺው።