እሳት ብጨምርም የማይበስለው ባቄላ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ እያለሁ የባቄላ ንፍሮ ቶሎ ይደርስልኝ ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ ግን እሳቱን ብጨምርም አልበስል ይለኛል። ለምንድነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚያዘገይሽ የከተማዋ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ውሃውን የሚጫነው በትንሹ ነው፤ ስለዚህ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ድሬዳዋ ላይ 96 ገደማ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም፣ ከሰልሽን በከንቱ አትጨርሺ! ማታውኑ ዘፍዝፊው፣ ክዳኑን ግጠሚ፣ እሳቱን ቀንሺ። ፕሬዠር ኩከር ካለሽማ ተገላገልሽ፤ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።