«የአባቴን ሞት እንጂ ኑሮውን ማስታወስ አቃተኝ»

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። 29 ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጆች ነን፣ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። አባቴ ካረፈ አስር ወር ሆነው። አራዳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር። በቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ግማሽ ገጽ ነው፤ የተወለደበት፣ ያገባበት፣ ያረፈበት። ሰምቼ 'ይሄ አባቴ አይደለም' አልሁ። የሙት ዓመቱን እኔ እንድጽፍ ተወስኗል። እስክሪብቶ ሳነሳ ግን የሚመጣብኝ ሆስፒታል የተኛበት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ኦክስጅኑ፣ የደረቀው ከንፈሩ። ያ ስፒል በከንፈሩ ይዞ 'እም' እያለ የሚመልስልኝ ሰውዬ የት ገባ? ሌላ ምንም አላስታውስም። ድምፁ እንኳ ጠፍቶብኛል። ሥራዬን እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ይሄ ብቻ ነው ያስጨነቀኝ።

ታላቅ ወንድሜን አግዘኝ ስለው 'ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አንቺ የምታወሪው አባት የኔ አባት አይደለም' አለኝ። እሱ ከ10ኛ ክፍል ወጥቶ ነው የአባቴ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠው። እኔ የማውቀው ለጥምቀት ቀሚስ የሚሰፋልኝን አባት ነው። አንድ ዓመት እንዲያውም ነጭ ቀሚስ፣ ጠርዙን ወንድሜ ዘምዝሞት፣ ከተራ ሌሊት ነው የደረሰልኝ። ተጣላን። ወር ሆነን ሳንነጋገር። አሁን ደግሞ የስፌት መኪናውን ልሽጠው እያለ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እናንተንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የቀረው «ሌላ ምንም አላስታውስም» የሚለው ነው። ሁለተኛ ሳነበው ግን ፈገግ አልሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስፒል በከንፈራቸው ይዘው «እም» የሚሉት ሰውዬ ከሆስፒታል አልጋ አልመጡም። ከሱቃቸው ነው የመጡት። ስታማርሪ ሳታስቢው አስታወስሻቸው። ወረቀት ይዘሽ «አሁን ላስታውስ» ስትዪ ነው የሚሸሹት።

ለምን ሆስፒታሉ ብቻ ይመጣል? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ያስፈራል። ሌላውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እስቲ ለቅሶ ቤታችሁን አስቢው። ድንኳን የገባ ሁሉ ይቀመጣል፣ ትንሽ ይተክዛል፣ ከዚያ ምን ብሎ ይጠይቃል? «ምን አሟቸው ነበር?» ትነግሪያለሽ። ከአዘዞ የመጡት ሲገቡ እንደገና ትነግሪያለሽ። ከዳባት የመጡት ሲደርሱ እንደገና። እስከ አርባው ድረስ ስንት ጊዜ አወራሽው? ደጋግመው ያወሩት ነገር አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ያላወሩት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለ ሞታቸው ሁሉም ጠየቀሽ። ኮት እንዴት እንደሚቆርጡ የጠየቀሽ ሰው አለ?

ድሮ አስለቃሽ ነበረች። የሟቹን ሙያ፣ እጁን፣ ቤቱን እያነሳች ታወርደው ነበር። ዛሬ ቦታዋን የያዘው ያ ግማሽ ገጽ ነው። እኔም የአባቴን ስጽፍ «ታታሪ፣ ሰው አክባሪና እንግዳ ተቀባይ» ብዬ ነው የጀመርሁት። እነዚህን ሦስት ቃላት ያላገኘ ሟች እስካሁን አልገጠመኝም።

«ባታስታውሺውስ ምን አለበት፣ እርሺው» የሚሉሽም ይኖራሉ። በእኛም ሙያ እንዲህ የሚመስል ሐሳብ ነበር። የሥነ ልቦና ትንተና ጀማሪው ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ሐዘን ማለት ልብን ከሟቹ ቀስ በቀስ ማላቀቅ ነው ብሎ ጽፎ፣ ብዙ ባለሙያ ለረጅም ጊዜ ተከተለው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ሐዘንተኞችን ቀርበው ያዩ ተመራማሪዎች ብዙው ሰው ዝምድናውን እንደማይቆርጥ አሳዩ፤ መልኩን ቀይሮ ይዞት ይኖራል። ለጎንደር ሰው ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም። ተዝካር የሚለው ቃል ራሱ ከግዕዙ «ዘከረ»፣ አስታወሰ፣ የወጣ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ዋናው ነገር ያለው እሱ ጋ ነው።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚል ሰው ሊወቅስ ነው፤ ግን ፈርቶ ነው። አንቺ ወቀሳውን ሰማሽ፣ ፍርሃቱን አለፍሽው። አስር ወር ሙሉ ለቅሶ ሲቀበል የከረመ ልጅ፣ ያለቀሰላቸውን አባት ለመውቀስ ምላሱ ከብዶት ነው እንዲያ የጀመረው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ይህ ተረት ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቢ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ እስኪወርዱ ድረስ ስንት ሰው ነው ደጅ ላይ ቆሞ «አልደረሰም?» የሚለው? የልጅ ሱሪ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የዘማሪ ልብስ። ያን ነጭ ቀሚስሽን እንደገና እዪው። አንቺ ጠዋት የለበስሽው ነው። እሱ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የዘመዘመው ነው። ይህን የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ፤ በግማሽ መስመር አልፈሽው ሄድሽ እንጂ። ለመሆኑ የዚያን ጥምቀት እሱ ምን ለበሰ? አታውቂም ብዬ እገምታለሁ።

አባትሽ ክፉ ነበሩ ማለቴ አይደለም። በአንድ መኪና ሦስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው የበኩሩን እጅ ይበደራል። ለመጨረሻዋ ልጅ ቀሚስ የደረሰው በከፊል በዚያ ብድር ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። አንቺ የምታውቂያቸው እሳቸው ናቸው። እሱ የሚያውቃቸውም እሳቸው ናቸው።

ሂጂና አግኚው። ሽማግሌ አትላኪ፤ ሽማግሌ ያስታርቃችኋል እንጂ አያስወራችሁም። ስለ ጠቡም አታንሺ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፤ «ያኔ ለጥምቀት ምን ለበስህ?» መጀመሪያ ግራ ይገባው ይሆናል። «ዛዲያ አሁን ምን ያደርግልሻል?» ቢልሽ «ልጽፈው ነው» አትበዪው። «ልሰማው ነው» በዪው። ከተናገረ አትሟገቺ። «አባባ እኮ እንዲያ አልነበረም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ምላስሽ ላይ ትመጣለች፤ ዋጫት። ካልተናገረም ቡናሽን ጠጥተሽ ውጪ፣ ሌላ ቀን ተመለሺ። ገና ሁለት ወር አላችሁ።

ስለ ጽሑፉ ደግሞ፣ ድንኳን ውስጥ የሚነበበውና ቤት ውስጥ የሚወራው አንድ ዓይነት ይሁን ብዬ አልመክርሽም። የወንድምሽን ቅሬታ እድርተኛ ፊት ማንበብ እሱን ማዋረድ ነው። ግን አባትሽንም መልአክ አታድርጊያቸው፤ ሰፈሩ ያውቃቸዋል፣ ሱሪ አዘግይተውበት ደጅ ያስጠኑት ሁሉ እዚያው ተቀምጦ ነው የሚሰማው። የትውልድና የጋብቻ ዘመኑን በሁለት መስመር ጨርሺና አንድ የከተራ ሌሊት ጻፊ። የከሰል ካውያው፣ በሳሙና ስባሪ የተሰመረው ጨርቅ፣ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው ሜትር። ወንድምሽም በዚያ ሌሊት ውስጥ በስሙ ይኑር።

ድምፃቸው ጠፋብኝ ላልሽው አትደንግጪ። ድምፅን ፈልጎ ማምጣት ከባድ ነው፤ ሲሰሙት መለየት ግን ቀላል ነው። ስልካቸውን ማንም እንዳይሰጥና እንዳያጠፋው ተናገሪ። ቴሌግራም ላይ የላኩልሽ ድምፅ፣ የወንድምሽ ሠርግ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ የሆነ ነገር አይጠፋም። ብቻሽን ሆነሽ ሌሊት አትስሚው። ቀን፣ ሰው ባለበት።

እንደጻፍሽው ከሆነ ሕክምና የሚያሻሽ አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ሐዘንን እንደ ሕመም የሚያየው ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ፣ ናፍቆቱ አልበርድ ብሎ፣ የዕለት ኑሮን ሲያናጋ ነው። እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ወይም «ብከተለው» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ሙት ዓመቱን አትጠብቂ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። የሆስፒታል በር መርገጥ አሁን እንደሚከብድሽ ይገባኛል፤ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

ስለ መኪናው፣ አይሸጥ ብዬ ልፈርድ አልችልም። ጉልበቱን የከፈለበት እሱ ነው። ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ ታገሠኝ በዪው፣ ይበቃል። ግን እንደዚያ ዓይነት መኪና በጎኑ ትንሽ መሳቢያ አለችው። ቁልፍ፣ የክር ቁራጭ፣ የሳሙና ስባሪ የሚጠራቀምባት። አባትሽ ከታመሙ ወዲህ የከፈታት ሰው ያለ አይመስለኝም። ወንድምሽ ሳይኖር እንዳትከፍቻት።